ገመዱን የሚያስቆመው ማን ነው?

ሲያትል የምንኖር ሰዎች ሰማዩ በጠራ ቀን ሬኒየር ተራራን ከመኪናችን መስኮት እናየዋለን። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው፤ ራስ ደጀን ይበልጠዋል። የሬኒየር ክፋቱ የበረዶ ግግሩ ነው። ሰው የሚውጥ ስንጥቅ ስላለው ተራራውን የሚወጣው ሁሉ በአንድ ገመድ ተያይዞ ነው የሚሄደው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሞከርኩት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከካምፕ ሙየር ልንነሳ ስንል መሪያችን አንድ በአንድ ጠየቀን፤ በልተሃል? ራስህን ያምሃል? ጣትህ ይሰማሃል? ከዚያ ማንም ሰው "ቁሙ" ካለ ገመዱ ይቆማል፣ ለምን የሚባለው በኋላ ነው አለን። ጥቂት እንደሄድን ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው፣ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ "ቁሙ!" አለች። ከጫማዋ ሥር የታሰረው ባለ ጥርስ ብረት ላልቶ ነበር። መሪው ወደ እሷ ወርዶ ተንበርክኮ አጠበቀላት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃችን እዚያው ብርድ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ፊቱን ያጠቆረ ሰው አላየሁም።

እዚያ በረዶ ላይ ቆሜ ትዝ ያሉኝ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር ያገኘኋቸው ባለ በቅሎ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከውጭ የመጣን አራት ጓደኛሞች ስሜን ገብተን ነበር። ጠዋት ከጨነቅ ወደ ቧሂት ልንወጣ ስንል፣ ኮንጎ ጫማ የተጫሙ ሽማግሌ ባለ በቅሎ ደመናውን ቀና ብለው አዩ። የጭነቱን ጠፍር ፈትተው እንደገና አጠበቁት። አሁንም ቀና ብለው አዩ። ምንም አላሉም፤ እኛም እንሂድ አልን። መተላለፊያው ላይ በረዶው ወረደብን። አንዱ ጓደኛችን እጁ ደንዝዞ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት ሲያቅተው ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት። ማታ እሳት ዳር "አባቴ፣ እንደሚዘንብ ያውቁ ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ከጠዋቱ ነው ያወቅሁት ልጄ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ማን ጠይቆኝ ልናገር?"

ጥፋቱ የእኛ ነበር። በአራታችን ትምህርት ላይ የእሳቸው ዕድሜ ልክ እውቀት ነበረልን፤ እኛ ግን በቅሎ ነጂ ብቻ አድርገን አየናቸው። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እየተባልን ነው ያደግነው። ይህንኑ ይዘን ባሕር ተሻግረናል። እዚህ ባለሁበት ከተማ አንድ ማኅበራችን አዳራሽ ሊገዛ ሲነሳ ገንዘቡ እንደማይበቃ ሒሳብ ያዡ ያውቅ ነበር። ሊቀ መንበሩን በሰው ፊት ላለማሳፈር ዝም አለ። ቀብዱ ቀልጦ ቀረ፤ የብዙ እናቶች መዋጮ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈረንጅ ሁሉ ይህን ያውቅበታል ማለቴ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መመለስ ይገባ ነበር፤ ያ ሰዓት አልፎም ወደ አናቱ የወጡ ብዙዎች ነበሩ። ማዕበል መጣና ስምንት ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል ልምድ ያላቸው ሁለት የቡድን መሪዎች፣ ሮብ ሆልና ስኮት ፊሸር ነበሩ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የ1953ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤቨረስት ጉዞ ነው። አናቱ ላይ መጀመሪያ የቆሙትን ሂላሪንና ቴንዚንግን ሁሉም ያውቃል። ከእነሱ ሦስት ቀን ቀድመው ቶም ቦርዲሎንና ቻርለስ ኢቫንስ አናቱ 100 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ደርሰው ነበር። ቦርዲሎን እንቀጥል አለ። ኢቫንስ ኦክስጅኑንና ሰዓቱን አስልቶ እንመለስ አለ፤ ተመለሱ። የጉዞው መሪ ጆን ሀንት ራሱ በዚያው ቀን ለቀጣዮቹ የሚሆን ዕቃ ተሸክሞ ከ8,300 ሜትር በላይ አድርሷል። መሪው ተሸካሚ ሆኖ፣ "እንመለስ" ያለውም ሰው ተሰምቶ ነው ሂላሪና ቴንዚንግ አናቱ ላይ የቆሙት።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከልጄ ጋር ወደ ስሜን እመለሳለሁ። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ጠዋት ጠዋት ከድንኳን ስወጣ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው፤ ደመናውን አብረን እናየዋለን።