ክብር ለወለድ አገድ

እንደኛ ሕግ አክባሪ ሕዝብ የት ይገኛል? ሕገ መንግሥቱ በ1987 «መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም» አለን። እሺ አልን። ይኸው በገጠር መሬት የሸጠ ሰው የለም። የፈለግከውን ውል ገልብጠህ አንብብ። «ሽያጭ» የምትል ቃል ካገኘህ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል። ያለው ወለድ አገድ ነው።

ለከተሜው ላስረዳ። ብር ቸግሮሃል፤ ጎረቤትህ ብር አለው። ብሩን ትቀበልና መሬትህን ታስይዘዋለህ። እሱ እያረሰ ይበላል፤ ምርቱ የብሩ ወለድ ነው። ዋናውን የመለስክለት ቀን መሬትህ ይመለስልሃል። ቀኑ መቼ ነው? አይጻፍም። በጎረቤታሞች መሐል ቀን ይቆረጣል እንዴ?

ይህን ጥበብ ለማጥፋት ተሞክሯል። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ በአዋጅ ቁጥር 31 መሸጡንም፣ ማስያዙንም፣ ወለድ አገዱንም ስም እየጠራ ከለከለ። ወለድ አገድ ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ደርግ ሄደ፤ ወለድ አገድ አለ።

አጎቴ ጎጃም ናቸው። የዛሬ 11 ዓመት ልጃቸውን ሲድሩ 2 ጥማድ መሬት ለጎረቤታቸው በ15 ሺህ ብር አስያዙ። ውሉን አይቼዋለሁ። ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ነው። ታጥፎ ታጥፎ መሐሉ ተበስቷል። ቀዳዳው ደግሞ ሌላ ቦታ ጠፍቶት ብሩ የተጻፈበት ላይ አርፏል። ከታች ሦስት የጣት አሻራ አለ፤ የምስክሮቹ ነው። አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው የጎረቤትየው አማች ነው። ሦስተኛው የዚያን ቀን ጠላው ደህና እንደነበር ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ጎረቤትየው ጨዋ ሰው ነው። መሬቱን ጦም አላሳደረውም፤ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ጤፍ ብትዘራ አጭደህ ትወጣለህ። ባሕር ዛፍ ግን ሥር ይሰዳል፣ ሥር የሰደደ ነገር ደግሞ ግምት ይጠየቅበታል። አጎቴ 15 ሺውን ቋጥረው ሲሄዱ «ዛፌስ?» አላቸው። የመሬቱን ግብርም በየዓመቱ ሲገብር ኖሯል፤ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። የይዞታ ደብተሩም እሱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ «እንዳይጠፋብዎት ብዬ» ነው ያለው። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ የአጎቴ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ የሱ ነው። ተካፍለዋል ማለት ይቻላል።

ክርክሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይጣፍጣል። አጎቴ «ውሉ ሕገ ወጥ ስለሆነ ይፍረስልኝ» ይላሉ፤ ራሳቸው የፈረሙበትን። ጎረቤትየው «10 ዓመት አልፎታል፣ በይርጋ ይታገድልኝ» ይላል፤ ራሱ እየበላ የቆጠረውን 10 ዓመት። ዳኛው ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ለሁለቱም ያስታውሷቸዋል። ዋናው ባለቤት ሕዝብ ግን አንድም ቀን ችሎት ቀርቦ አያውቅም። መጥሪያ አልደረሰውም መሰለኝ።

እርግጥ ሌላም መንገድ ተከፍቷል። በ1997 የወጣው አዋጅ 456 መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ። በፌዴራል ሕግ ገበሬው እስከ 2016 ጠበቀና አዋጅ 1324 ለሱም ፈቀደለት። ልብ በል፣ የሚያዘው መሬቱ አይደለም፤ የመጠቀም መብቱ ነው። ልዩነቱ ካልገባህ አይፍረድብህ። ግን አበዳሪ ተቋም ምን ጣዕም አለው? ቅጽ ያስሞላል፣ ያስመዘግባል፣ ቀን ይቆርጣል። ጠላ እንኳ አያቀርብም። ደግሞስ ሁሉም እንዲህ በወግ በወጉ ከተዋዋለ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ልጆቻቸውን በምን ያሳድጉ?

ባለፈው ቀጠሮ አብሬያቸው ሄድኩ። ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተባለና ለሦስት ወር ተቀጠርን። አጎቴ አልከፋቸውም። ራፖር ጸሐፊው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፣ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቋጠሮ አወጡ፣ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ድፍን ድፍን መቶ ብሮች ይቆጥሩ ጀመር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ብር ከየት አመጡት?»

«የወንዝ ዳሯን ጥማድ ለዚያ ለነጋዴው ሰጠኋት።»

«ሸጧት?!»

ቆጠራውን አቋርጠው ገላመጡኝ። «ምን በወጣኝ! መሬት ይሸጣል እንዴ? በወለድ አገድ ነው እንጂ።»