የቄሶቹም ደመወዝ ትምባሆ ነበር

ስለ ቨርጂኒያ (ያኔ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት) የገንዘብ ታሪክ ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «ቨርጂኒያዎች ሳንቲም ስላጠራቸው በትምባሆ ይገበያዩ ነበር» ብሎ ማለፉ አላጠገበኝም። ቅጠል ተሸክሞ ገበያ የሚወጣማ ብዙ አልነበረም! እ.ኤ.አ. ከ1730 የትምባሆ ምርመራ ሕግ ወዲህ ባለእርሻው፣ በባርነት የያዛቸው አፍሪካውያን ያለሙለትን ትምባሆ በበርሜል አድርጎ መጋዘን ያስገባል። መርማሪው ከፍቶ ያያል፤ የማይረባውን ያቃጥላል፤ ለደህናው ደረሰኝ ይሰጣል። እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያ ደረሰኝ ነው። የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ቄስ የዓመት ደመወዝ እንኳ 16,000 ፓውንድ (ክብደቱ ነው፣ ገንዘቡ አይደለም) ትምባሆ ነበር። በ1758 ምርቱ ቀንሶ ዋጋው ሲሰቀል፣ የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት «በአንድ ፓውንድ ትምባሆ 2 ፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ታስቦ በገንዘብ ይከፈል» አለ፤ ገበያው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ያወጣ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ሕጉን ሻሩት፣ ቄሶቹም ልዩነቱ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። በ1763 ጠበቃው ፓትሪክ ሄንሪ ለተከሳሾቹ ተሟግቶ ጁሪው ለአንዱ ቄስ የፈረደለት ካሣ (ምስኪን!) 1 ፔኒ ነው።