ከየት መጣ የማይል ሆድ ይባረክ

ስለ ጀግና፣ ስለ ቡና፣ ስለ እናትና ስለ ሀገር ብዙ የምስጋና ቃል ተጽፏል። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልተጻፈለት ግን እኛ በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በትዕግሥት ኮትኩተን ያሳደግነው አንድ በጎነት ነው፤ እርሱም ከፊታችን የቀረበውን ሥጋ ከየት እንደ መጣ ፈጽሞ አለመጠየቅ ነው። የምስጋናው ቃል ቢያንስ የጸሐፊው ድክመት እንጂ የበጎነቱ ማነስ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይታወቅልኝ።

የዚህ በጎነት ታላቅነት የሚገባን ከየት እንደ ተነሣን ስናስብ ነው። እኛ ሥጋን ጠይቀን የምንበላ ሕዝብ ነበርን። በሀገር ቤት መንገደኛ በማያውቀው ከተማ ምግብ ቤት ሲገባ እጁን ከመታጠቡ በፊት ዓይኑ ግድግዳውን ይፈትሻል፤ የተሰቀለው የማርያም ሥዕል ይሁን የመካ ሥዕል ሳይለይ፣ ሥጋው በማን እጅ እንደ ተባረከ ሳያረጋግጥ አይጎርስም፤ ከተጠራጠረም ረኃቡን ዋጥ አድርጎ ሽሮ ያዝዛል። ለቅርጫ በሬ ሲገዛማ ነገሩ ምርመራ ነበር። ከጎረቤት መካከል ዐዋቂ የተባሉት ሁለት ሰዎች ገበያ ወርደው ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ጎኑን ይዳስሳሉ፣ የሐረር ሰንጋ ነው ወይስ የቦረና፣ ሲያርስ የኖረ ነው ወይስ ለድለባ የታሰረ እያሉ ነጋዴውን ላብ ያስጠምቁታል። በሬው በመጨረሻው ሌሊት ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲያድር ልጆች ሣር ያቀርቡለታል፤ ጠዋት የሚያለቅስ ልጅም አይጠፋም። «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ነው፤ ሌላው ቢቀር አራጅና ታራጅ ይተያዩ ነበር።

ያ ሁሉ ኋላ ቀርነት ዛሬ ተወግዷል። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ በአንድ የሐበሻ ሱቅ ሥጋ ክፍል ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁላችንም ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ርቀን ሽሮና ምስር ስንበላ የከረምን ነን። ከቆራጩ ልጅ ጀርባ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ሥጋው አየሩ በተመጠጠ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በካርቶን ነው የሚመጣው። በካርቶኑ ጎን ክብ የመንግሥት የምርመራ ምልክት አለ፤ በምልክቱ ውስጥም ሥጋው የተሰናዳበትን ፋብሪካ የሚያመለክት ቁጥር ታትሟል። ያንን ቁጥር በእጁ ይዞት በቆመው ስልክ የሚፈልግ ሰው ፋብሪካው በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ በሁለት ደቂቃ ያውቀዋል። ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንድም እንኳ ወደ ካርቶኑ አልተመለከተም። ጥያቄ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ እያንዳንዳቸው ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ጠይቀዋል።

«ሻኛ አለ?»

አንገስ የሚባለው የፈረንጅ ከብት ሻኛ የለውም። ልጁ ይህንን በዚያ ሌሊት አሥራ አንድ ጊዜ በትሕትና አስረዳ፤ አሥራ አንዱም በየተራ አዝነው፣ በሀገራቸው በሬ ትዝታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሽንጥና ዳቢት አዝዘው ሄዱ። ከአባቶቻችን የወረስነው የጥያቄ ክምር ተበጥሮ ተበጥሮ የቀረችው ፍሬ ይህች ብቻ መሆኗ የሚያኮራ ነው።

ከዚያ ሱቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ የነዳ ሰው ግሪሊ ይደርሳል። ዋረን ሞንፎርት የተባለ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከብትን በእህል ዓመቱን ሙሉ ማድለብ የጀመረው በዚህ አካባቢ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ማድለቢያ በ1960ዎቹ በአንድ ጊዜ እስከ 100,000 ከብት የሚይዝ ሆኖ ነበር። ዛሬም በአካባቢው በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተከታተሉ የሚታዩት የብረት አጥሮች፣ በአጥሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ጭቃ፣ ከአጥሩ ጋር የተዘረጋው ረጅም የሲሚንቶ ገንዳና በገንዳው ላይ የተደፉት ራሶች የዚያ ጅምር ልጆች ናቸው። ጥጃው የመጀመሪያዎቹን ወራት ከእናቱ ጋር መስክ ላይ ያሳልፋል፤ ከዚያ ወደ ማድለቢያው ገብቶ ከአራት እስከ ስድስት ወር በእንፋሎት የተዳመጠ በቆሎ እየበላ በቀን ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይጨምራል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላውም 600 ኪሎ አልፎ ጉዞውን ይጨርሳል። የኛ በሬ በሁለት ዓመቱ ገና ቀንበር አልለመደም።

አንድ ቀን አንድ ወዳጄ ከነቤተሰቡ በመኪናው በዚያ በኩል ሲያልፍ አብሬው ነበርኩ። ሽታው ገና ከብቶቹ ሳይታዩ ነው የሚቀበለው። ወዳጄ አራቱንም መስኮት በአንድ ጊዜ ዘጋ። የአካባቢው ሰዎች ስለ ሽታው ሲጠየቁ «የገንዘብ ሽታ ነው» ይላሉ፤ እኛ ግን ጨዋዎች ስለሆንን ምንም አላልንም። ከኋላ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ አፍንጫውን ይዞ ከብቶቹን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ከቆየ በኋላ፣ «አባዬ፣ ሣራቸው የት አለ?» አለ። ወዳጄ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ አደረገ። በዕድሜ ልኬ የሰማሁት እጅግ ብስለት የተሞላበት መልስ ይህ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያልን በሬን ስንወቅስ ኖረናል፤ እዚህ በሬው ሣሩንም ገደሉንም አያይም፤ ሁለቱንም ሳያይ የሚያልፈው ግን እርሱ ብቻ አይደለም።

የማድለቢያው ሰዎችም ቢሆኑ ዝምታችንን በከንቱ አይበሉብንም፤ ብዙ ነገር ይደክሙልናል። የከብት ጨጓራ የተሠራው ሣርና ገለባ አብላልቶ ለማመስኳት ነው፤ በቆሎ ሲበዛበት አሲድ ይሞላዋል፣ ከዚያም ጉበቱ መግል ይቋጥራል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በቆሎውን መቀነስ ሳይሆን ከመኖው ጋር ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መቀላቀል ነው። ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን መድኃኒቶች ለማወፈሪያ ብቻ መስጠት በአሜሪካ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በሽታን ለመከላከል በሐኪም ፈቃድ መስጠት ግን አልተከለከለም። አውሮፓውያኑ የማወፈሪያውን መድኃኒት በ2006 ከልክለዋል፤ ሆርሞን የተሰጠው የከብት ሥጋማ ከ1989 ጀምሮ በበራቸው አያልፍም። የሚጠይቅ ሕዝብ ኑሮው እንዲህ የተጨናነቀ ነው። እኛ ልጃችን ባሳለው ቁጥር የሐኪሙን መድኃኒት በጥርጣሬ እያገላበጥን ዳማ ከሴና ዝንጅብል የምንፈልግ ሰዎች ስንሆን፣ በሬው የዋጠውን ግን በሙሉ እምነት እንቀበላለን።

የእበቱም ነገር አለ። አንድ የማድለቢያ በሬ በቀን ከ25 ኪሎ የማያንስ እበትና ሽንት ይጥላል፤ ይህንን በመቶ ሺህ ማባዛት ለአንባቢ ይተዋል። በሀገራችን ኩበት ሆኖ ምጣድ ያሰማ የነበረው ነገር እዚህ ተከምሮ አሞንያ ይተነፍሳል፤ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ሲነሣም አሞንያው ወደ ሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥቶ ከናይትሮጅን ጋር ባልተለማመዱት የተራራ ሐይቆችና አበቦች ላይ ይወርዳል። ነፋሱ ሊነሣ ሲል አርቢዎቹ አስቀድመው ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸው አሠራር እስከ መዘርጋት ተደርሷል። እኛ በየክረምቱ መጨረሻ ጥብሳችንን በፎይል ጠቅልለን ንጹሕ አየር ልንቀበል የምንወጣው ወደዚሁ ፓርክ ነው።

ስለ ባራኪው እጅ ጥቂት ልበል። በአንድ ትልቅ የማረጃ ፋብሪካ በሰዓት 300 ከብትና ከዚያም በላይ ያልፋል፤ ይህም ማለት አንድ ሰው ረጋ ብሎ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ እስኪጨርስ ሁለት ወይም ሦስት በሬ ወደ ማዶ ይሻገራል ማለት ነው። በየትኛው በሬ ላይ በስመ አብ፣ በየትኛውስ ላይ ቢስሚላህ እንደ ተባለ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ሰንሰለቱ ይቆም ነበር፤ ስለዚህ አይጠየቅም። የግድግዳውን ሥዕል አይቶ ሽሮ ያዝዝ የነበረው ሰውዬ እዚህ ሀገር ከገባ በኋላ በርገሩን የሚያጣጥመው ግድግዳ ላይ የዋጋ ዝርዝር እያየ ነው። በሰንሰለቱ ዳር ቢላ ይዘው ከቆሙት መካከል ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ወገኖቻችን እንዳሉ እናውቃለን፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የእጃቸውን አንጓ በፋሻ ጠቅልለው ሲያስቀድሱም እናያቸዋለን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ወረርሽኙ በየሥጋ ፋብሪካው ሲዛመት ፋብሪካዎቹ እንዳይዘጉ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲወጣም ሰምተናል። እነርሱንም «እጅህን ምን ሆነህ ነው?» ብለን አናስጨንቅም።

የበጎነታችንን ጥግ ያየሁት ግን በአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ነው። ቦረናና አካባቢው ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ አልፎት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቆ፣ ትናንት መቶ ከብት የነበረው ሰው የእርዳታ ዱቄት ይጠብቅ ነበር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የከብት ሬሳ ፎቶግራፍ በትልቁ ይታያል፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተለጥፎ፣ ቀንዱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ። ከፎቶግራፉ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ክትፎ፣ ቁርጥና ጎድን ጥብስ በየትሪው ቀርቧል። ተናጋሪው ስለ ድርቁ ሲናገር ድምፁ ተሰብሮ ንግግሩን አቋረጠ፤ እናቶች አለቀሱ፤ ከዚያ ተባርኮ ተበላ። ገንዘቡ በእርግጥ ተሰብስቧል፤ የሰጡትንም እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በዚህ አላሾፍም።

በዚያ አዳራሽ ማንም ያላነሣው ነገር ቢኖር በፎቶግራፉና በትሪው መካከል ያለው ዝምድና ነው። ከብት የበላውን ሲያመሰኳ በግሳቱ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በሃያ ዓመት ውስጥ ሙቀትን በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ይበረታል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በተለያዩ ዓመታት ባወጣቸው ግምቶች የእንስሳት እርባታ ሰው ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ12 እስከ 14.5 በመቶ ይይዛል፤ የዚህም አብዛኛው የቀንድ ከብት ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የአፍሪካ ቀንድን ድርቅ አጥንተው የምድር ሙቀት መጨመር የዚያን ድርቅ ዕድል 100 እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ገልጸዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው የተረቱት ሰዎች ምኞት ብቻ መስሏቸው ነበር፤ ላሟ በእርግጥ ሰማይ ላይ ወጥታለች፣ ወተቷ አሁንም አይታይም፣ ሙቀቷ ግን ለቦረናው ደርሶታል።

እዚህ ላይ የማድለቢያው ጠበቆች የሚሉት አለ፤ ውሸትም አይደለም። በእህል ቶሎ የሰባ በሬ በሣር ለዓመታት ከሚቆየው ይልቅ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚያወጣው ሚቴን ያንሳል፤ በኢትዮጵያ ያሉት ሰባ ሚሊዮን ገደማ ከብቶችም ሲያገሱ ሽቶ አይረጩም። ሆኖም የኛ በሬ ያርሳል፣ ያበራያል፣ እበቱ ይነድዳል፣ ሥጋውም ለአብዛኛው ገበሬ የዓመት በዓል ነገር ነው። የአሜሪካ ሰው በዓመት በአማካይ ከ25 ኪሎ በላይ የከብት ሥጋ ብቻ ይበላል። የኮሎራዶ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የሚደርቅበት ዋናው ምክንያት እርሻ ሲሆን፣ ከእርሻውም ትልቁን ውኃ የሚጠጣው የከብት መኖ ነው። ሀገር ቤት ያሉት ወገኖቻችንም ትምህርቱ እየገባቸው ይመስላል፤ በአዳማ ዙሪያ ፋጉሎና ፉርሽካ እያበሉ በመቶዎች የሚያደልቡ በረቶች ከተከፈቱ ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ መድኃኒቱን ቀድመን የያዝነው እኛ መሆናችን ነው። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም አይቀምስም። ፈረንጆች ስለ ምድር ተጨንቀው ሳምንት ውስጥ አንድ ሰኞ ከሥጋ ለመራቅ ዘመቻ ሲያካሂዱ፣ የኛ እናት ግን የዓመቱን እኩሌታ ማንንም ሳታስቸግር ስትጾም ኖራለች። ይህን የሚያህል ቁጠባ አከማችተን በአንድ የፋሲካ ሌሊት እንዴት እንደምናወጣው ያየ የባንክ ሠራተኛ ቢኖር ያለቅስ ነበር።

ወደ ዋዜማው ሌሊት ልመለስ። ተራዬ ሲደርስ፣ ይህንን ጽሑፍ በልቤ ስለ ጀመርኩት መሰለኝ፣ ከሻኛው ውጭ ሌላ ጥያቄ አመለጠኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሥጋ ከየት ነው የመጣው?»

ልጁ ቢላውን አንሥቶ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። «ከፍሪጅ ነው፣ ጋሼ» አለ፤ ቀልድም አልነበረበትም። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ወንድም ዓለም፣ ዶሮ ሊጮህ ነው እኮ» ብላ ተነፈሰች። የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚያየው እኔን ነበር። ካርቶኑ ከልጁ ጀርባ ቁጥሩን ወደኛ አዙሮ ተቀምጧል፤ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ።

«አምስት ፓውንድ» አልኩ። «ጮማ በዛ አድርግበት።»