ሰፈሩን እንደ ዕጣ አትቀበሉት

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራ ልብ ብላችሁ ስሙት። ስንት ካሬ እንደሆነ ያውቃል። ስንት መኝታ እንዳለው፣ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ርክክቡ መቼ እንደሚሆን ያውቃል። «የት ነው?» ስትሉት ግን «አያት አካባቢ፣ ትንሽ ገባ ይላል» ይላችኋል። ምን ያህል ገባ እንደሚል ራሱም በታክሲ ሄዶ አላየውም።

በሰዉ ብቻ አልፈርድም። የዚህ ከተማ ሰው ቤት ማግኘትን የለመደው በኮንዶሚኒየም ነው። ትመዘገባለህ፣ ንግድ ባንክ ትቆጥባለህ፣ ትጠብቃለህ። ስምህ ሲወጣ ሰፈሩም፣ ብሎኩም፣ ፎቁም አብሮ በዕጣ ይወጣል። የካ አባዶ ከደረሰህ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ከደረሰህ ቱሉ ዲምቱ ነው። ማን ያማርጣል? እልል ተብሎ ቁልፍ ይወሰዳል። በ2005 ተመዝግበው ገና የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ እነሱን «ሰፈር ምረጡ» ማለት ቀልድ ነው።

ችግሩ ምርጫ ያለው ሰውም በዕጣ እንደደረሰው ሆኖ መግዛቱ ነው። ከሪል እስቴት የሚገዛ፣ ያለቀ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቱ የሚገዛ፣ በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ማንም ሰፈር አልመረጠለትም። እሱ ግን ደላላው ያሳየውን ይገዛል። እኔ የምለው፣ መኝታ ቤት ከመቁጠራችሁ በፊት ሰፈሩን ወስኑ። ጥሩ ሰፈርና ሰፊ ቤት አብረው ካልተገኙ ደግሞ ካሬውን ቀንሱ። ጎተራ ወይም ባልደራስ ያለ አሮጌ ስቱዲዮ፣ ዳር ላይ ካለ አዲስ ባለ ሁለት መኝታ የሚሻልበት ሰው ብዙ ነው።

የማውቃቸው ባልና ሚስት ከከተማው ምሥራቅ ዳር፣ ቦሌ አራብሳ ቤት ገዙ። እሱ ቃሊቲ ፋብሪካ ይሠራል፣ እሷ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሆስፒታል ነርስ ናት። ቤቱ ያምራል። የወጥ ቤቱን ካቢኔት እሷ ናት ቀለሙን መርጣ ያሠራችው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ልጁን እንደተኛ ጫማ ያደርጉለትና አያቱ ቤት አድርሰው ወደ ሥራ ይበተናሉ። ማታ 2 ሰዓት ሲመለሱ ካቢኔቱን የሚከፍት ጉልበት የለም። እሁድ እሁድ ነው ቤታቸውን የሚያዩት። ሲገዙ አንድ ቀን፣ በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስተው ሥራ ቦታቸው ለመድረስ ቢሞክሩ ኖሮ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። እሁድ ከሰዓት በደላላ መኪና ሄዶ ቤት ማየት ምንም አያሳይም፤ መንገዱ ጭር ያለ ነው።

ማስታወቂያው «ከቦሌ 10 ደቂቃ» ይላል። ሌሊት 8 ሰዓት በአምቡላንስ ከሆነ ልክ ነው።

ወደፊት ይመጣል በተባለ ትራንስፖርት ላይም ገንዘብ አትክፈሉ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መስመር ዳር ቤት መያዝ ትልቅ ዕድል ነበር። ከዚያ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፤ የቀሩት ላይ ደግሞ በር ላይ ተለጥፎ መሄድ መጣ። ዛሬ በቤቱ ደጅ የሚያልፈውን ታክሲና አውቶቡስ ቁጠሩ። ሰልፉ ላይ ቁሙ። ሚኒባሱ ሞልቶ ነው ወይስ ባዶ የሚመጣው? ማታ ከ2 ሰዓት በኋላስ ረዳቱ የሰፈሩን ስም ይጠራል ወይስ «አንገባም» ይላል?

ስለ ውሃ ሻጩን አትጠይቁት፣ «ሁሌም አለ» ነው መልሱ። ደረጃውን ውጡና የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለውን በር አንኳኩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ታች ያለው ሰው ሲቀዳ ላይ ያለው ቧንቧውን ከፍቶ ይጠብቃል። ከማንኳኳታችሁ በፊትም ኮሪደሩ ይነግራችኋል። በየደጃፉ ቢጫ ጀሪካን ከተደረደረ፣ አንዳንዱ ክዳኑ በፌስታል ከታሰረ፣ እዚያ ብሎክ ላይ ውሃ የሚወጣው በትከሻ ነው። ብዙዎቹ የ20/80 (20 በመቶ ተቆጥቦ ቀሪው በብድር የሚከፈልባቸው) ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ደግሞ ሊፍት የላቸውም።

ሌላው ወቅቱ ነው። አብዛኛው ሰው ቤት የሚያየው በበጋ፣ ጥር የካቲት ላይ ነው። የከተማው ምሥራቅና ደቡብ ብዙው ቦታ መረሬ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ጫማ ያወልቃል። ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ካልገባበት ባጃጁም ዋናው አስፋልት ላይ አውርዷችሁ ይመለሳል። ቸኩላችሁ ካልሆነ ሐምሌ ላይ ሂዱ። ክፍለ ከተማም ጎራ ብላችሁ ቦታው በፕላን መንገድ ይነካው እንደሆነ ጠይቁ፤ ኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ ይሄን የማይጠይቅ ገዢ ሊኖር አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ግን ሰው ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ አራት ኪሎ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ። ልጃቸው ከአሜሪካ ቤት ገዛላቸው። ወንድሙ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከለት፤ ሳሎኑ ሰፊ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በረንዳ አለው። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ቪዲዮው አላሳየም። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ልጁ ያውቃል፣ ከደረጃው ጋር ግን አላገናኘውም። ዛሬ እማማ የአራት ኪሎውን እድር አልለቀቁም። ልቅሶ ሲኖር ሁለት ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ፤ አልሄድም ቢሉ ነገ የእሳቸው ድንኳን ላይ ማን ይቀመጣል? የለመዱት ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ለማድረስ በሌሊት መውጣት ቀርቷል። ጎረቤቶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ተከራዮች ስለሆኑ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ ቡና የሚጠራራ የለም። ልጁ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ከውጭ ሆኖ ለወላጅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ለወላጁ ደውሎ «ቀንሽን ከማን ጋር ነው የምትውዪው?» ቢል ካርታና ካሬው ቀጥሎ ይመጣል።

ለወጣቶችም ያው ነው። ልጅ ከወለዳችሁ ማን ይይዝላችኋል? እናታችሁ ጀሞ ናቸው? እህታችሁስ? የሞግዚት ደሞዝ ያለፈው ዓመት ስንት ነበር? ይሄ ሒሳብ በባንክ ብድር ሠንጠረዥ ላይ የለም፣ ከኪስ ግን ይወጣል።

የምትችሉ ከሆነ እዚያው ሰፈር ተከራይታችሁ ሞክሩት። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ከበዛባችሁ የምትፈርሙት ብድር ስንት ዓመት እንደሆነ መልሳችሁ እዩት።

«ቦታው ነገ ያድጋል፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ሰሚትና ጀሞ በጊዜው ዱር ተብለዋል፤ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ አይገኝባቸውም። በጊዜ የገዛ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ያ ትርፍና መኖር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፣ እኛ ደግሞ አንድ ላይ እየቀላቀልን ነው የምንገዛው። ለትርፍ ከሆነ በግልጽ ለትርፍ ግዙ። ከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ያለውን ቤት አከራዩትና እናንተ ሥራችሁ አጠገብ ተከራይታችሁ ኑሩ። ዘመድ «የራሱ ቤት እያለው ይከራያል» ብሎ ያማል። ይማ። የኮዬው ኪራይ የእናንተን ኪራይ ላይሸፍን ይችላል፤ ልዩነቱን በየወሩ ለትራንስፖርትና ለሞግዚት ከምታወጡት ጋር አስተያዩትና ያኔ ወስኑ።