ኮምፒውተሩን ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ዲስኩን ያስመርምሩ

ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት ሰው ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ ፍርዱ ገና ከደጃፉ የታወቀ ነው፤ ፎርማት። በራሱ ጠፍቶ በራሱ የሚነሳውም፣ ሰማያዊ ገጽ የሚያሳየውም፣ አንድ የኤክሴል ሰነድ ለመክፈት ቡናው ተፈልቶ እስኪቀዳ የሚያስጠብቀውም ፍርዱ ያው ነው። «ጋሼ፣ ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጭንልዎታለን» ይባላሉ፤ ጋሼም ሌላ አማራጭ ስላልቀረበላቸው ይስማማሉ። ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሠራና ያው አመሉ ያገረሽበታል። ለሁለተኛ ጊዜ ፎርማት ይደረጋል። በሦስተኛው ጊዜ መልሱ «ይሄማ አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» ይሆናል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ፎርማት ማድረግ ጭራሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ቫይረስ ሥር የሰደደበትን ማሽን ከዚያ ሌላ የሚያጸዳው ላይኖር ይችላል። ዕድሜው አምስትና ስድስት ዓመት ያለፈ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውሱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። ዲስኩን ሳይመለከቱ ፎርማት ማድረግ ሕመሙን ሸፋፍኖ ሰነዱን መቅበር ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ መረጃውን የሚያነበው ራስ ከሚዞረው ሳህን በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ላይ እየተንሳፈፈ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ እዚህም እዚያም የተበተኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን መልቀም አለበት፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ እንዲህ ያለውን የተበታተነ ንባብ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢችል ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ ይህንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይሠራዋል። ስለዚህ በሱቅ መስታወት ላይ «ኮር አይ ሰቨን» ተብሎ የፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ስም የተለጠፈበት ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ተሸክሞ፣ ኤስኤስዲ ከተገጠመለት ደካማው ኮር አይ ስሪ ኋላ ሲጎተት ቢታይ አይገርምም። ገዢው ግን የሚጠይቀው ስለ ኮሩ ነው። ሻጩም ስለ ኮሩ ብቻ ይነግረዋል፤ የስንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር እንደሆነ እንኳን አይነሳም።

ፎርማት ለጊዜው የሚያድን የሚመስልበትም ምክንያት አለ። ዲስክ ሲያረጅ አንዳንድ የሳህኑ ክፍሎች፣ ሴክተር የሚባሉት፣ ለማንበብ ያስቸግራሉ። ዲስኩ አንዱን ሴክተር ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ባለቤቱም ማውሱን ይቀጠቅጣል። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን በእነዚያ ደካማ ቦታዎች ላይ አዲስ መረጃ ይጻፍባቸዋል፤ ዲስኩም በዚያው አጋጣሚ የማይሆኑትን ትቶ ለመጠባበቂያ ባስቀመጣቸው ሴክተሮች ይተካቸዋል። ማሽኑ ተነፈሰ ይባላል። ሳህኑ ግን መበላሸቱን አላቆመም፤ መጠባበቂያውም ማለቂያ አለው። በዚህ መሀል የልጅ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ «ዲ ላይ ነው ያለው፣ አይነካም» በሚል ተስፋ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ዲ የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ የዚያው ዲስክ ሌላ ክፍል ነው። ኤስኤስዲ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ ቦታው ባዶ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚያሳውቅና ዲስኩም ስለሚጠርገው፣ የጠፋውን ፋይል መልሶ የማግኘት ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም።

ዲስኩ ስለ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚሠሩ ዲስኮች ስማርት የሚባል የውስጥ መዝገብ አላቸው፤ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት ሴክተር እንደተካ፣ ስንቱ አልነበብ ብሎ በጥበቃ ላይ እንዳለ ይመዘግባሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያንን መዝገብ በአንድ ገጽ ያሳያል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ደጋግሞ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፗን ስታስመረምር አጠገቧ ነበርኩ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከላይ በስተግራ ያለው ምልክት ቢጫ ነው። የጥገና ባለሙያው ጣቱን አምስተኛው ረድፍ ላይ አሳረፈ፤ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው። በመጨረሻው ዓምድ «ሲ8» ይላል። ፕሮግራሙ ካልተቀየረ በቀር አኃዙን የሚጽፈው ከዘጠኝ ቀጥሎ ፊደል በሚጠቀመው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር 200 ማለት ነው፤ ጤነኛ ዲስክ ላይ ዜሮ ነው። «ሲ5» የሚል ቁጥር ያለው ረድፍ (በእኛ አቆጣጠር 197)፣ ማለትም ዲስኩ ማንበብ ያቃተው፣ እሱም ዜሮ አልነበረም። ወጣቱ ካቻቢቴውን አንስቶ የሥሩን ብሎኖች ፈታ፣ በአሮጌው ዲስክ ያለውን ሁሉ ወደ ኤስኤስዲ ገለበጠ፣ ገጠመ። ዊንዶውሱ ያው ነው፤ ሰነዶቿም በቦታቸው ናቸው። ፎርማት የሚል ቃል አልተነሳም። ቀድሞ የከፈለችበትን ሁሉ ደምራ ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም።

ስማርትንም ቢሆን ማምለክ አይገባም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን የሚያንቀሳቅሰውና የብልሽት አኃዛቸውን ለሕዝብ የሚያወጣው የአሜሪካው ባክብሌዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፈው፣ ከሞቱበት ዲስኮች ሩቡ ያህሉ በሚከታተላቸው አምስት መለኪያዎች ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። ስለዚህ መዝገቡ አረንጓዴ ነው ብሎ መጠባበቂያ ቅጂ አለመያዝ ሞኝነት ነው። አንዱ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ፣ ሌላው ከቤት ውጭ ወይም በደመና ማከማቻ ይሁን። ደመናው ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱም ዋጋ አለው፤ ግን ሰነድ ከፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

በእኛ አገር ዲስክ የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ባትሪው ሞቶ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ እንደተሰካ የሚሠራ ላፕቶፕ በየቢሮው አለ። «ባትሪው አይሠራም እንጂ ሌላው ደህና ነው» ይባላል። አይደለም! የላፕቶፕ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ የሚሰጥ መጠባበቂያ ነው፤ እሱ ከሌለ በየመብራቱ መጥፋት የተጀመረ ጽሕፈት መሀል ላይ ይቆረጣል፤ ሃርድ ዲስኩም የሚንሳፈፈውን ራስ በጥድፊያ ወደ ማቆያው ይመልሳል። ጠፍቶ የሚመጣው መብራት ደግሞ አንዳንዴ ከጠፋው ይከፋል፤ ሲመለስ የሚገፋው ኃይል ለፓወር ሰፕላይ ፈተና ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ገንዘቡ ከተረፈው ከራም (ከጊዜያዊ ሜሞሪው) በፊት ባትሪ ይቀይር እላለሁ። ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ባለባትሪ ሳጥን፣ ይግዛ፤ ዩፒኤስ ያለው ደግሞ የውስጡ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ብቻ እንደሚያገለግል ያስታውስ። ስንት ቢሮ ውስጥ ዩፒኤሱ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ መብራት ሲጠፋ እኩል ከኮምፒውተሩ ጋር እንደሚጠፋ ሠራተኛው ያውቀዋል።

አቧራው ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ግንባታ በማይቆምበት ከተማ የላፕቶፕ ማራገቢያ አፍ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተደራረበ አቧራ መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዓመት አንዴ ማስጠረግ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ማስለወጥ ይበቃል። አየር ሲነፋበት ማራገቢያው እንዳይዞር በጣት ይያዝ።

ዕቃው በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ደመወዝ ግን እንደዚያ አልዘለለም። በላዩ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በአንድ ጀምበር ደህና የሚሠራው ሁሉ «ጊዜው ያለፈበት» ተባለ። ሱቆቹ ደስ ብሏቸዋል።

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ይቻላል። የቮልስ መኪና አሁንም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚታየው ባለቤቱ ዘይት ስለሚቀይርለት፣ ክፍሉን ስለሚያፈላልግለትና መካኒኩ «ሌላ ግዛ» ብሎ ስለማይሸኘው ነው። ለኮምፒውተርም ይኸው ትዕግሥት ቢኖረን ምናለ? ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ከተገጠመለትና ራሙ ስምንት ጊጋ ባይት ከሆነ ለደብዳቤ፣ ለሒሳብና ለስብሰባ ይበቃል። ማይክሮሶፍት ራሱ በአካውንት ገብቶ የማሽኑን ቅንብር ለሚያመሳስል ግለሰብ የደህንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያለ ክፍያ አራዝሟል። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስን የሚተካው ሊኑክስ ሚንት አለ፤ ነጻ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ስስ የሆኑ አንዳንድ ላፕቶፖች ራማቸው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይጨመርበትም፤ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ።

ክፍል ስንገዛም ዓይናችን ይከፈት። «2 ቴራ ባይት» ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጠው ነገር ውስጡ ጥቂት አሥር ጊጋ ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቺፑ ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር ተደርጓል። ሲሞላ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ ፋይሉን ያጠፋል። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል፤ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ አይሳሳትም። ያገለገለ ዲስክ አዲስ ተብሎ መሸጡም የእኛ ገበያ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች በሺህ የሚቆጠር ሰዓት የሠሩ፣ የስማርት መዝገባቸውም የተፋቀ ሆነው ተገኝተዋል። ነገሩ አሁን ደግሞ ከፍቷል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪውን ሁሉ እየወሰዱት ነው፤ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሰው ራምና ኤስኤስዲ ይሸጥ የነበረው ማይክሮን ከዚህ ንግድ እንደሚወጣ በኅዳር 2018 አስታውቋል። ያለንን ማሽን መንከባከብ ቁጠባ ብቻ አልሆነም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግምጃ ቤት ውስጥ የተከመሩት ሲፒዩዎች ነገር ግን ከሁሉ ይብሰኛል። የዲስክ መግዣ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ወረቀት አዲስ ኮምፒውተር ከማስገዛት ስለማይቀል ማንም አይደክምበትም፤ ማሽኑ «ተበላሽቷል» ተብሎ ይቆለልና ዓመታት ቆይቶ በጨረታ ይወጣል። ከውስጡ ያለው ዲስክም አብሮ ይወጣል። የሠራተኛው ፔሮል፣ የታካሚው ካርድ፣ የተማሪው ውጤት በዚያ ላይ ነው፤ ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ፋይሎቹን ራሳቸውን አይደመስስም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ዲስክ በነጻ ፕሮግራም ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን ካልተገባ እጅ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያ ግዴታ ግምጃ ቤቱ በር ላይ የሚቆም አይመስለኝም። ማሽኑ ለጨረታ ሲቀርብ ዲስኩ ወይ ሙሉ በሙሉ ተጽፎበት ይጥፋ፣ ወይ በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ ይህንንም ያደረገው ሰው ይፈርምበት።

ለጥገና ቤቶችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮምፒውተር ስትረከቡ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስማርቱን ክፈቱ፤ የሠራበትን ሰዓት፣ የተተኩትን ሴክተሮች፣ ያልተነበቡትን፣ ሦስቱን አኃዝ ደረሰኙ ላይ ጻፉለት። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየም «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፎርማት አድርጉልኝ የሚል ደንበኛም ያንን ካየ በኋላ ይወስን።