ራስን መግዛትስ እንደ እኛ!

ሁልጊዜ ወቀሳ ምን ይሠራል? ዛሬ እንኳን እንመሰጋገን። ጎንደር ውስጥ ራሱን የማይገዛ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆኗል፤ በተለይ በሁዳዴ። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ከዚህ ያነሰ ቢጠበቅም ነውር ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ «በመንፈሱ ላይ የሚገዛ ከተማ ከሚወስድ ይበልጣል» ይላል። እንግዲህ በዚህ ስሌት እነፋሲለደስ ግንብ ገንብተው ቢያልፉም እኛ እንበልጣቸዋለን። ግንቡ ሥር ባጃጅ ስንጠብቅ ብታዩን ግን በእኛ አይፈረድም፤ የእኛ ንግሥና የውስጥ ነው።

ጥንቃቄያችንን ብቻ ተመልከቱ። የቤት ኪራይ ውል ሳያነብ የሚፈርም ሰው፣ ብስኩት ሲገዛ ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር ይመረምራል። «የወተት ዱቄት» የምትል ቃል ካገኘ ብስኩቱን እንደ እባብ ይወረውረዋል። ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ደግሞ ስንት ወዳጅ ተኮራርፏል። ቢራ ላይ ግን ክርክር የለም። ቢራ ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ከጥንትም ጿሚ ነው።

ከእነዚህ ጀግኖች አንዱን በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ቅዳሴ ወጥቷል። ጋሼ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ተቀመጡና አስተናጋጇን በጭብጨባ ጠሩ።

«ይሄ ኬክ የጾም ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ የጾም ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«በማርያም በይ!»

ልጅቷ በማርያም አለች። ኬኩ መጣ፣ ሻዩ ግን ዘገየ። ቤቱ ሞልቷል፣ አስተናጋጇ አንድ ናት። ሻዩ ሲደርስ ከብርጭቆው ጠብ ብሎ ሳህኑን ነክቶታል። ጋሼ ተነሡባት። «ደንቆሮ! ከየት ነው የሚሰበስቧችሁ? አሳዳጊ የበደለሽ!» ሌላም ሌላም አሉ፤ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም። ግን እውነቱን ልመስክር፤ ከአፋቸው የወጣው ሁሉ የለየለት የጾም ነበር። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሳህኑን ቀየረች። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም። ቅዱስ ያሬድ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ብሎ ነበር። ጋሼ የልጅቷን ጆሮ አስገደፏት። እሳቸው እንኳን አልገደፉም፤ ኬኩ እንደተባለው የጾም ነበር።

ይህን ሰምቶ «ትዕግሥት የላችሁም» የሚለን ካለ አንድ ቢሮ ይዤው ልሂድ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም ጉዳይ አለኝ። እዚያ አንድ ሰው አንዲት ማኅተም ፈልጎ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ቀጥሎ «ሲስተም የለም»። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ኃላፊው ብቅ አሉና ወደ ምሳ እየሄዱ «ነገ ና» አሉት። ሰውየው ከአግዳሚው ዘሎ ተነሣ፣ ወገቡን ሰበር አደረገ። «ችግር የለም ጌታዬ! እርስዎም ሥራ በዝቶብዎት ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ!» አለ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የዘረዘራቸው ዘጠኙም የመንፈስ ፍሬዎች በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ በሰሉ። ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት... የመጨረሻዋ ራስን መግዛት ሳትቀር።

ቁጣውስ የት ገባ? የትም አልገባም። እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን ጠብ ሳያደርግ እንደሚሸከም ሰው ይዞት ደረጃውን ወረደ። ጥበቃውን ፈገግ ብሎ አለፈው፤ ጥበቃው ዱላ አለው። ትራፊክ ፖሊሱን «እንደምን ዋልክ ወንድምዓለም» ብሎ አለፈው። ከዚያ ባጃጅ ያዘ። ሹፌሩ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ነው። አዘዞ ደርሶ ሊወርድ ሲል ልጁ «ጋሼ፣ አምስት ብር ዝርዝር የለኝም» አለው። ጀሪካኑ እዚያ ተገለበጠ። «ሌባ! ዱርዬ! እናንተን ነበር ማሰር!» መንገደኛ ቆሞ አየ። ልጁ «ይቅርታ ጋሼ» እያለ ሱቅ ለሱቅ ዝርዝር ሲለምን ሰውየው ግንባሩን ጠራረገ። ቀለል አለው። በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ተብሎ የለ? ፀሐይዋ አናት ላይ እንዳለች ጨረሰው። ከትእዛዙ በፊት የሚፈጽም ምእመን ማለት ይኼ ነው።

አደራ፣ ይህን ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። ግማሽ ቀን ሙሉ ገዝቶታል። ሲለቀውም የት እንደሚለቀው አሳምሮ ያውቃል።

ስብከት አንሰማም እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በመፃጉዕ ሰንበት 38 ዓመት በአልጋ ላይ ስለቆየው ሕመምተኛ ሰምተን፣ «እኔ ስመጣ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል» የሚለው ላይ ስንደርስ ከንፈራችንን መጠን ነው የምንመለሰው። ከሰዓት በኋላ ውኃ መጣች ይባላል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ውኃ መጣች ማለት የሰፈር በዓል ነው። ቧንቧው ጋ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። የአንዲት እማማ ጀሪካን አምስተኛ ነበረች። ትንሽ ቆይተን ስናይ አሥራ ሁለተኛ ሆናለች። ጀሪካን መቼም ወደ ኋላ አይራመድም። እማማ «ኧረ ልጆቼ ተራዬ ነበር» ሲሉ «አርፈው ይቀመጡ!» የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። አንዱ ባለ ሀብት ሙሉ ፒካፕ ጀሪካን ጭኖ ሲደርስ ግን ሁላችንም በትሕትና ጠጋ ጠጋ አልን። አንዳንዱ እንዲያውም ማውረዱን አገዘ።

የሚነቅፈን ሲመጣም ጥቅስ አናጣም። «ጌታስ ቢሆን በቤተ መቅደስ ጅራፍ አንሥቶ የለም?» እንላለን። የምኩራብ ሰንበት ከሁዳዴ ሰንበታት ሁሉ የምንወዳት ለዚህ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እሱ የገለበጠው የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ነበር፤ እኛ የምንገለብጠው የሊስትሮውን ሳጥን ነው። ለዋጮቹ ጋ ስንደርስማ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ዛሬ ስንት ገባ?» እንላለን።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለን ጨዋነት እንዴት ያለ ነው! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራው ላይ የተሳሉት መላእክት ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ። እነሱን ስናይ እንኳን መሳደብ ማሳልም ያሳፍረናል። ከቅጥሩ ውጭ ግን ጣራ የለም። ጫማ ስንፈልግ እግራችን ሥር የተቀመጠውን ነዳይ «ዞር በል ወዲያ!» ብንለው ማን ያየናል?

ጋሼን ከዚያ በኋላ ሰፈር ቡና ላይ አግኝቻቸው ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል። ምን ሆነው ነው ብል፣ ለካ ሳያውቁ ወተት ያለበት ብስኩት በልተው ኖሯል። ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቷቸው በጠዋት ንስሐ አባታቸው ዘንድ ገስግሰዋል። ስግደት ተሰጥቷቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው የሚያወሩት።

«ሌላስ የነገሯቸው አለ ጋሼ?» አልኋቸው።

«ሌላማ ምን አለ ልጄ?» አሉኝ ተገርመው።

እውነትም ምን አለ? ልጅቷ እንደሆነች ቅቤ አይደለችም።