«አሁን» ወይስ «ዛሬ ሌሊት»? «አይሆንም» የሚለውስ የት ሄደ?

«ጋሼ፣ ስልኬ አፕዴት እያደረገ ነው የሚሉን ሰዎች እኮ ብዙ ናቸው።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ከቀትር ጀምሮ ከጆሮዬ ላወጣት አልቻልሁም። የተናገረችኝ አስተናጋጅ ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም፤ የተናገረችውም በትሕትና፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ነው። የገደለኝ ትሕትናዋ ነው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከደብረ ታቦር የመጡት የባለቤቴ አጎት ጣና ዳር ደርሰው ዓሣ ሳይቀምሱ እንዳይመለሱ ብዬ ወደዚያ ወደምታውቁት ዓሣ ቤት ወሰድኋቸው። ከዱለቱም ከተጠበሰውም አዘዝሁ፤ ጋባዡ እኔ ነኝና ደረቴን ነፍቼ ነበር የተቀመጥሁት። ጥሬ ገንዘብ በኪሴ አልያዝሁም፤ መያዝ ከተውሁ ስንት ጊዜዬ! ሒሳቡ ሲመጣ ስልኬን አወጣሁ፣ የመክፈያውን መተግበሪያ ከፈትሁ፣ የገንዘቡን መጠን ጻፍሁ፣ የምስጢር ቁጥሬን አስገባሁ፤ «አረጋግጥ» የሚለውን ልጫን አውራ ጣቴን ሳወርድ ግን አንድ ነጭ ሳጥን ከታች ብቅ አለና «አሁን አስነሣ» የሚለው ቁልፍ ልክ ከጣቴ ሥር ገባ። ስልኩ ድርግም አለ። ቀጥሎ የአምራቹ ዓርማ በጥቁር ገጽ ላይ በራ፤ ከሥሩም ማሻሻያው እየተጫነ ስለሆነ ስልኩን እንዳላጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መጣ። 3 በመቶ።

«ጥቂት ደቂቃ ታገሺኝ፤ ስልኩ ራሱን እያደሰ ነው» አልኋት።

«ችግር የለም ጋሼ» ብላ ሄደች። 11 በመቶ ላይ ተመልሳ «አለቀ?» አለችኝ። «ሊያልቅ ነው» አልሁ። 19 በመቶ ላይ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር በዓይን ሲነጋገሩ አየኋቸው። 26 በመቶ ላይ መጣችና «የሚከፍልልዎት ሰው ካለ ይደውሉለት» አለችኝ። በምን ልደውል? ይህንን ራሷም አሰበችውና የገዛ ስልኳን አውጥታ «ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እኔ ልደውልልዎት» አለች። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ 22 ዓመት በትዳር የኖርሁ ሰው የባለቤቴን ስልክ ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። ቁጥሩ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ያለው 26 በመቶ ላይ ነው። «የባለቤትዎን ቁጥር አያውቁትም?» ብላ ቆም አለችና ከላይ የጻፍሁትን ተናገረች። በዚህ ላይ አጎትየው «የእኅቴ ልጅ ቁጥር ከሆነ እኔ ዘንድ አለ» ብለው አሥሩንም አኃዝ ሳይሳሳቱ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ አንበለበሉት። ከዚያም «ተይ ልጄ፣ እርሷን ከሥራዋ አንጥራት» አሉና ከደረት ኪሳቸው የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው፣ የጋበዝኋቸውን ምሳ ከፈሉ።

ስንወጣ እስከ መንገዱ ድረስ ዝም ብለው ሄዱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ ስልኩ ነው አንተን የሚጦርህ ወይስ አንተ ነህ የምትጦረው?» የእርሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ አለው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ኃይል ከመጠየቅ በቀር ምንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ ተጠይቄ ነበርና። ይሁን እንጂ አጠያየቁን ተመልከቱልኝ። «ማሻሻያው ተዘጋጅቷል» ይላል፤ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ አንደኛው «አሁን»፣ ሁለተኛው «ዛሬ ሌሊት»። እምቢ የሚል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የገመተ የለም። ሌሊቱን መረጥሁ። ሌሊት ደግሞ እንደምታውቁት መብራት ጠፋ፤ ስልኩ በቂ ኃይል ሳይኖረው አልጫንም የሚል ጠንቃቃ ስለሆነ ቀጠሮውን አስተላልፎ፣ አስተላልፎ፣ ዓሣው ተበልቶ ሒሳብ በሚከፈልበት ሰዓት ላይ አደረሰው። ፋይሉ የወረደውም ለወሩ በገዛሁት ጥቅል ነው፤ ጣቴ የት ላይ ተስማምቶ እንደሆነ እንጃ እንጂ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሄዶልኛል። የማልፈልገውን ዕቃ አምጥተው የማጓጓዣውን ዋጋ ከእኔ ተቀበሉ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ የሚያሳፍር ነገር ትዝ ይለኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦብን በከረምንባቸው በእነዚያ ወራት፣ ስንቱ ነገር ተበላሽቶ፣ ስንት ሰው ከሥራው ተስተጓጉሎ፣ ይህ ስልክ ብቻ ሰላም ነበር። ባትሪው እስከ ማታ ይቆይ ነበር፤ ምልክቶቹ ሁሉ እንዳስቀመጥኋቸው ይገኙ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁላችን ደስ ሲለን እርሱ የተጠራቀመ አፕዴቱን አውርዶ ታመመ። በዚያን ጊዜ የእጅ ባትሪውን ምልክት ወስደው የት እንደሸሸጉት ሳላውቅ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት በጣቴ እየፈለግሁ ስሄድ በራችን ፊት ያለው ቦይ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ሦስት ሳምንት አበጠ፤ ለማንም አልተናገርሁም፤ ዛሬ መናገሬ ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ስልኩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ማንም በማይፈልገው ሰዓት፣ ደምቆና አምሮ ተነሣ። ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ክብ ሆኗል። ለባለቤቴ ነገሩን ላስረዳ ብዬ ስከፍት የአማርኛው ቁልፍ ሰሌዳ የለም፤ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም እኔ ከአንድ አፕዴት በኋላ «ደርሻለሁ» ለማለት በላቲን ፊደል እለቃቅማለሁ፤ ስልኩም ቃሌን ለራሱ በሚገባው እንግሊዝኛ እያረመ ይልካል። «ምን ሆነሃል?» የሚል መልስ መጣልኝ። እውነቷን ነው። 13ቱን ወሮች አስተካክሎ የሚቆጥረው የዘመን መቁጠሪያ መተግበሪያዬ ደግሞ ከአዲሱ ስሪት ጋር አይስማማም ተብሎ አልከፈትም ብሏል፤ የሚካኤል ማኅበር ተራዬ መቼ እንደሆነ የጻፍሁት እርሱ ላይ ነበር። ጥሪ መቀበያውም ተለውጧል። ድሮ ወደ ላይ ይገፋ የነበረው አሁን ወደ ጎን ሆኖ፣ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ሲደውሉ ሁለት ጊዜ ዘጋሁባቸው። ሦስተኛ ጊዜ አልደወሉም።

ፓፒረስ አካባቢ ወዳለው ጠጋኝ ሮጥሁ። ልጁ ስልኩን አገላብጦ እንኳ አላየውም።

«ወደ ድሮው መልስልኝ።»

«አይመለስም ጋሼ። ቢመለስም ፍላሽ ስለሚደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

«ባትሪውስ? ከሰባ ወደ አርባ ወረደ እኮ!»

«መተግበሪያዎቹን እንደገና እያሰናዳ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ይታገሡት።»

«ይሄ የጥሪው ነገርስ?»

«ይለምዱታል።»

ይለምዱታል! ቤቴ ገብተው በሩን ወደ ጓሮ፣ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ቢያዞሩብኝ እንዲሁ ሊለኝ ነው?

አፕዴት ጭራሽ አያስፈልግም የምል ደንቆሮ አይደለሁም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያስተጓጉል፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ገንዘቤ ያለበት ስልክ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲያድር አልፈልግም። የሚያናድደኝ መድኃኒቱንና ቀለም ቅቡን በአንድ ከረጢት አስረው መስጠታቸው ነው። መድኃኒቱን ስጡኝና ቀለሙን ለሠርጋችሁ አቆዩት ብል የምጫነው ቁልፍ የለም። ደግሞም ጥርጣሬዬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አፕል የባትሪያቸው አቅም የደከመ አይፎኖችን በአፕዴት ያዘገይ እንደነበር፣ ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ ነው በሚል ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በራሱ አንደበት አምኗል። በማግሥቱ ዓመት የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ደንበኞቹ አፕዴቱ የሚያስከትለው በቅጡ ሳይነገራቸው፣ ወደ ነበሩበት የሚመለሱበትም መንገድ ሳይሰጣቸው መቅረቱ ነው። ሮም ላይ ሚሊዮን ዩሮ ያስቀጣ ነገር እኛ ዘንድ «ይለምዱታል» ተብሎ ያልፋል።

እስክለምደው ግን ደውላችሁ ከዘጋሁባችሁ ጠልቻችሁ አይደለም፤ ወደ የት እንደሚገፋ ገና እየተማርሁ ነው። የማኅበሩ አባላት ተራዬን የምታውቁ ንገሩኝ። ይህንንም የምጽፈው ከባለቤቴ ስልክ ነው። የእርሷ ስልክ በሠርግና በክርስትና ፎቶ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ «ቦታ የለም» እያለ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድም አፕዴት አልተቀበለም፤ ሰላማዊ ነው። አሁን ግን አጎቷ ደብረ ታቦር መግባታቸውን ሊነግሯት ስለሚደውሉ መልስልኝ እያለች ነው። ደግሞ የምሳውን ነገር እንደሚነግሯት አውቃለሁ።